አርፏል

አንቲጓ፣ ጓቴማላ
ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ፋናዬ፣

እንዴት ከርመሻል? አባባስ? ጎረቤታችን ጋሼ ሰላሃዲንስ ከኛ ሱቅ ወንበር ወስዶ መመለስ መርሳቱን አልተወም?

የጠየቅሽኝን ልመልስ። አዎ፣ ስልኬን ወስደውታል። አጥፍቼ አይደለም፣ የቤቱ ሥርዓት ነው። ስፓኒሽ ሊማሩ የመጡት የካቶሊክ ዲያቆናትና ካህናት ሁሉ ሌላ ቋንቋ ከአፋቸው እንዳይወጣ ስልካቸው መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። አለቃችን ፓድሬ አንሴልሞ «በአገራችሁ ቋንቋ ማልቀስ እንኳ ክልክል ነው» ይላሉ፤ ቀልዳቸውን ነው። የተፈቀደው ደብዳቤ ብቻ ነው። ጽፌ ለቢሮው እሰጣለሁ፣ ፎቶ አንስተው አዲስ አበባ ላሉት ለአባ ሀብተ ወልድ ይልኩታል፣ አባ ደግሞ አትመው በፖስታ አሽገው ይሰጡሻል። የአንቺም በዚያው መንገድ ይመጣል። ስለዚህ «ፈረንጅ አገር ገብቶ ኮራ» ማለቱን ተይው።

የምኖረው ዶኛ ኤልቪራ ከሚባሉ ባልቴት ቤት ነው። ደግ ሴት ናቸው፣ ሰው ሲሳሳት ግን ሳያርሙ አያልፉም። በመጀመሪያው ሳምንት «ደክሞኛል» ልላቸው ፈልጌ አንድ ፊደል ዋጥኩና «አግብቻለሁ» አልኳቸው። ዲያቆኑ ባለትዳር ነው ተብሎ ሰፈሩ ሁሉ ሲስቅብኝ ሰነበተ።

ለአባባ እንዲህ በይልኝ። ነሐሴ ላይ እመለሳለሁ፣ ቅስናዬን እዚያው እቀበላለሁ፣ ወደ ፔሩ የሚልኩኝ ከዚያ በኋላ ነው። ከእጄ ሳይቆርብ እንደማይሞት ቃል ገብቶልኛልና ቃሉን ይጠብቅ።

ወንድምሽ
ኃይለልዑል


መርካቶ፣ አዲስ አበባ
የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለባለትዳሩ ዲያቆን፣

በሳቅ ገደልከኝ። ደብዳቤህን ሱቅ ውስጥ ነው ያነበብኩት፤ ጆንያ ሊገዛ የመጣ የሽንኩርት ነጋዴ አበደች ብሎ ትቶኝ ሊሄድ ነበር። ሚስትህን ይዘህ ና እንግዲህ፣ ጆንያ መስፋት ከቻለች እንቀበላታለን።

ገበያው አንተ እንደምታውቀው ነው፤ ጠዋት ይተራመሳል፣ ከሰዓት ያዛጋል። ጋሼ ሰላሃዲን በመጨረሻ ወንበራችንን መለሰ። ሁለት አድርጎ ነው የመለሰው፣ ሁለተኛው የማን እንደሆነ እስካሁን አላወቅንም።

ስለ አባባ ደጋግመህ ጠይቀሃል። እንዳትደነግጥ። አንተ ከሄድክ በኋላ ትንሽ አሞት ነበር፣ ሐኪም ቤትም ወስደነው ነበር። አሁን ግን አርፏል። ጋሼ ሰላሃዲንም ጎረቤቱም አልተለዩንም፣ እግዜር ይስጣቸው። አንተ በዚህ የተነሳ ትምህርትህን እንዳታቋርጥ፣ አባ ሀብተ ወልድም የመከሩኝ ይህንኑ ነው። ቀልብህን ሰብስበህ ተማር።

ቤቱ ሁሉ ሰላም ይልሃል።

እህትህ
ፋናዬ


አንቲጓ
የካቲት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ፋናዬ፣

ደብዳቤሽን ቆሜ ጀምሬ ተቀምጬ ጨረስኩት። የጻፍሽው ገብቶኛል፣ ያልጻፍሽውም ገብቶኛል። ከዚህ በላይ እንድትጽፊ አላስጨንቅሽም። አንቺም ስለዚያ ነገር ሌላ አትጻፊልኝ፣ በወረቀት አይሆንም።

ፓድሬ አንሴልሞ ጠርተው «ወደ አገርህ መሄድ ትፈልጋለህ ወይ? ፈቃዱንም ትኬቱንም እሰጥሃለሁ» አሉኝ። ሁለት ቀን አሰብኩበትና እቀራለሁ አልኳቸው። አሁን መጥቼ ምን እፈይዳለሁ? ነሐሴ ላይ ስመጣ ከቦሌ በቀጥታ የምሄደው እሱ ጋ ነው። ይህን እወቂልኝ።

ዶኛ ኤልቪራ ቤት ጎረቤት ተሰብስቦ ዘጠኝ ቀን መቁጠሪያ ደገምንለት። የማያውቁት ሰዎች ስሙን እየጠሩ ጸለዩለት፤ «ቮልደሚካኤል» ነው የሚሉት፣ ቢሰማቸው ይስቅ ነበር።

አንቺ እህል ቅመሺ። ሁሉን እኔ ካልተሸከምኩ ማለትሽን አውቃለሁ።

ኃይለልዑል


መርካቶ
መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዲያቆን ኃይለልዑል ወልደሚካኤል፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ፈቃድ ተሰጥቶህ እንደማትመጣ ተረድቻለሁ። ጸሎታችሁ ይድረስ። ትምህርትም ትምህርት ነው፣ እኛ እንደምንም እንሆናለን፣ መርካቶ ሰው አይጠፋም።

ስለዚያ ነገር አትጻፊልኝ ስላልከኝ አልጻፍኩም።

ፋናዬ


አንቲጓ
መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

ከአንቺ እንደዚህ ያለ ደብዳቤ ደርሶኝ አያውቅም። ስሜን ከነአባቴ የጠራሽኝ ልጅ ሆኜ የጋሼ ሰላሃዲንን ሚዛን የሰበርኩ ቀን ብቻ ነው። ቀብሩ ላይ ባለመገኘቴ እንደተቀየምሽኝ ይገባኛል። እኔ ግን ነገሩን ሳውቅ ቀብሩ አልፎ ነበር፣ ለዚህ ነው የቀረሁት።

ከእንግዲህ እኔና አንቺ እያወቅን የማናውቅ መስለን መዝለቅ አንችልም። መርዶ በደብዳቤ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ አንቺም ለዚህ ነው ዳር ዳሩን የጻፍሽልኝ። ቢሆንም አንድ ነገር በግልጽ ልጠይቅሽ ተገደድኩ። የአባባ አርባው መቼ ዋለ? ያረፈበትን ቀን ስላልጻፍሽልኝ መቁጠር አልቻልኩም። ቢያልፍም እዚህ ቅዳሴ ላስቀድስለት እፈልጋለሁ።

ከአገር ቤት ከእምድብር እነማን መጡ? አፈር ያለበሰውስ ማን ነው? ከእጄ ሳይቆርብ መሄዱ አንጀቴን እየበላው ነው። ቃሉን ሳይጠብቅ ቀረ ብዬ አንድ ቀን ተቆጣሁት፣ ሌላ ቀን ደግሞ በመቆጣቴ አለቀስኩ።

ልጅሽ የሆንኩ ወንድምሽ
ልዑል


መርካቶ
መጋቢት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልዑሌ፣

አባባ አልሞተም። ደግሜ ልጻፈው፦ አባባ አልሞተም፣ አባባ አለ። ይኸው አሁን አጠገቤ ጋደም ብሎ ምን እንደምጽፍ ይጠይቀኛል።

ደብዳቤህን ሱቅ ውስጥ ከፍቼ «የአባባ አርባው» የሚለው ላይ ስደርስ ጮህኩ። ጋሼ ሰላሃዲን ቤቱ የተቃጠለ መስሎት በባዶ እግሩ ሮጦ መጣ። ተያይዘን አባ ሀብተ ወልድ ጋ ሄድን። አባም የየካቲቱን ደብዳቤዬን ከኮምፒውተራቸው አውጥተው አነበቡልኝ፤ «አሁን ግን አርፏል» ይላል። እኔ እኮ ከሥራ አርፏል ማለቴ ነው። ሱቅ መምጣቱን ትቷል፣ ወስፌውንና ሲባጎውን አስቀምጦ ቤቱ አርፎ ተቀምጧል ለማለት ነው። እንደዚያ ነው የምንለው፣ ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው። አባ ራሳቸውን ነቀነቁና «ልጄ፣ ሴሚናሪ ያደገ ልጅ አርፏል ሲባል የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው» አሉኝ። ጋሼ ሰላሃዲን ደግሞ «ትንሽ አሞት ነበር ብለሽ አርፏል ካልሽ እኔም ድንኳን ነበር የምፈልገው» አለ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእጅ ወለምታ ለካ ከዚያም ይብሳል።

እኔ ደግሞ ትምህርቱን ከአባቱ አስበልጦ ቀረ ብዬ ስረግምህ ከረምኩ። አፌን ይቁረጠው።

አሁን እውነቱን ልንገርህ። ያኔ አቅልዬ ነው የጻፍኩልህ፣ እንዳትደነግጥ ብዬ። የታመመው ጉበቱ ነው። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ ክረምቱን ላያይ ይችላል ብሎኛል። አባባ ጠዋት በተነሳ ቁጥር «ልጁ መጣ?» ይለኛል፤ እኔም አይመጣም ማለት አቅቶኝ «መንገድ ላይ ነው» ስለው ነው የከረምኩት።

ነገሩን ስነግረው ይደነግጣል ብዬ ፈርቼ ነበር። ሳቀ። ሳል እስኪይዘው ሳቀና «አለቀሰልኝ? እንዴት አድርጎ አለቀሰ? እነማን መጡ?» አለኝ። ሁሉንም ጻፍልኝ ብሎሃል። ለራሱ ለቅሶ ማን ማን እንደመጣ ለማወቅ እንደሱ የቸኮለ ሰው አይቼ አላውቅም።

ልዑሌ፣ ትምህርቱን ተወውና ና።

ፋናዬ


አንቲጓ
ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

በስልክ ያልኩሽን አልደግመውም። ፓድሬ አንሴልሞ ራሳቸው መሳቢያውን ከፍተው ስልኬን ሰጡኝ። ያኔ «አዲስ አበባ ልደውልና ላጽናናቸው» ሲሉኝ አይሆንም ያልኳቸው እኔ ነኝ። አባ ሀብተ ወልድ መርዶውን በወጉ ሊነግሩኝ ሽማግሌ እያዘጋጁ ይሆናል፣ አላሳፍራቸው ብዬ ነበር። እሳቸው ደውለው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ወጉን አከብራለሁ ብዬ ራሴን ቀበርኩ።

አባባ በስልኩ ድምፄን ሰምቶ አለመለየቱ አሳዘነኝ። «ማን ልበል?» ሲለኝ ስሜን ደጋግሜ ጮህኩለት።

አሁን የያዘኝ ፓስፖርቴ ነው። መኖሪያ ፈቃዴን ለማሳደስ ዋና ከተማው ኢሚግሬሽን ገብቷል። እዚህ አገር በሕማማት ሰሞን ቢሮ የሚባል ሁሉ ይዘጋል፤ ከፋሲካ በኋላ ና አሉኝ። ፓድሬ አንሴልሞ ሰው ልከው ለመኑልኝ፣ የሚሰማ ጠፋ። በተሰጠኝ ቀን እበራለሁ፣ ትኬቱ ተዘጋጅቷል።

የሚቀጥለውን ለአባባ አንብቢለት።

አባባ፣ እንዲህ ነው ያለቀስኩልህ። ደብዳቤውን ይዤ ወጥ ቤት ገባሁ። ዶኛ ኤልቪራ ምን ሆንክ አሉኝ። እትዬ የጻፈችውን ቃል እንዳለ አዞርኩት፤ «ሚ ፓድሬ ዴስካንሳ» አልኩ፣ አባቴ አርፏል። የሚያርመኝ አላገኘሁም፤ እነሱም ለሞተ ሰው እንደኛው አርፏል ነው የሚሉት። እጃቸውን ከነዱቄቱ ራሴ ላይ ጫኑ። ከዚያ በራቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ አሰሩ፣ ሴቶቹ ዳቦ ይዘው መጡ። አንድ ሽማግሌ አናጢ «አባትህ ሥራው ምን ነበር?» አለኝ። ጆንያ ይሰፋ ነበር አልኩት። ወስፌ በነሱ ቋንቋ ምን እንደሚባል ስላላወቅሁ በእጄ አሳየሁት፤ አንተ እንደምታደርገው ወግቼ፣ ሲባጎውን ስቤ፣ በጥርሴ በጠስኩ። ሁሉም እየተቀባበሉ አደረጉት። ቤት ሙሉ ሰው ዝም ብሎ በአየር ላይ ጆንያ ሰፋልህ።

እነሱ ሲያለቅሱ ድምፅ የላቸውም። እኔ ግን እንደኛ አገር ጮኼ፣ ደረቴን መትቼ፣ በጉራጊኛ አለቀስኩልህ። ፓድሬ አንሴልሞ በር ላይ ቆመው ሰሙኝ፣ አልከለከሉኝም።

ሌላም ልንገርህ። ስፓኒሽ «ነው» የሚባል ቃል ሁለት አለው። አንዱ ለማይለወጥ ነገር ነው፤ ሌላው እንደ ድካምና እንደ ሕመም ላለ ለሚያልፍ ነገር። «ሞቷል» የሚባለው በዚህ በሁለተኛው ነው። ለምን ብዬ ብጠይቅ አስተማሪዬ «እኛም አናውቅም» አለችኝ። ላንተ በትክክል ሠርቷል፣ አባባ።

እትዬ፣ ይህን ደግሞ ለአንቺ ብቻ ነው። ከእንግዲህ ከታመመ ታመመ በይኝ። ከባሰበት ባሰበት በይኝ። የፈራነው ከመጣም በስሙ ጥሪልኝ። ሁለተኛ ደብዳቤሽን መተርጎም አልፈልግም።

ልዑል


መርካቶ
ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልዑሌ፣

በግልጽ ጻፊልኝ ብለሃል፤ በግልጽ እየጻፍኩ ነው። ብሶበታል። እህል ከቀመሰ ሰነበተ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፣ እግሩ አብጧል።

ደብዳቤህን አነበብኩለት። ጋሼ ሰላሃዲንም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሰማ። አባባ ጆንያ የሰፉለትን ቦታ ደጋግሜ እንዳነብለት አደረገኝ። «እዚህስ እንደዚያ የሚያለቅስልኝ አለ?» ብሎ ጋሼ ሰላሃዲንን አየው። እሱም «አንተ መጀመሪያ ሙትልንና እናሳይሃለን» አለው። ሳቁ። እኔ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ስመለስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር። «ልጄስ አልቅሶልኝ ወጥቶለታል» አለኝ፣ «ሳላየው የምሄደው እኔ ነኝ»። ብርድ ልብሱን አስተካከልኩለት።

ሌላም አለ፣ እሱን ነው የምፈራው። አባ ሀብተ ወልድ ሥጋ ወደሙ ይዘውለት መጥተው ነበር፣ አልቀበልም አለ። «ልጄ ነው የሚያቆርበኝ፣ እጠብቃለሁ» አላቸው። አባ ለመኑት። አፉን እንደ ሕፃን ገጠመ።

ፓስፖርቱን ስጡኝ ብለህ በራቸው ላይ ተኛ። እኔ ሌላ የምልህ የለኝም።

ፋናዬ


መርካቶ
ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልዑሌ፣

አባባ ሞተ።

ትናንት ጠዋት፣ የፋሲካ ማግስት ነው የሞተው። ዛሬ ቀበርነው። ስልኩን ሦስቴ አንስቼ ሦስቴ አስቀመጥኩት፣ አፌ እምቢ አለኝ። ሽማግሌዎቹ «ተይ፣ ልጁ አገሩ ሲገባ በማለዳ ሰብሰብ ብለን እንነግረዋለን» አሉኝ። ጋሼ ሰላሃዲንም «በወረቀት መርዶ ማርዳት ነውር ነው» ብሎ ተቆጣኝ። እውነታቸውን ነው። ግን በስሙ ጥሪልኝ ብለኸኛል፣ ጠራሁልህ።

ቅዳሜ ዕለት አባ ሀብተ ወልድ እንደገና መጥተው ነበር። አባባ ዓይኑን ጨፍኖ ይቃዣል። አባ አጠገቡ ሲንበረከኩ እጃቸውን ዳበሰና «ልዑል፣ መጣህ?» አላቸው። አባ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። እኔም ዝም አልኩ፣ እሳቸውም ዝም አሉ። አፉን ከፈተና ቆረበ። ከእጅህ እንደቆረበ ሆኖ ነው የሄደው። ደግ አድርጌ እንደሆነ ወይ አባቴን አታልዬ እንደሆነ አላውቅም፤ አንተ ቄስ ስትሆን ትነግረኛለህ።

ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ጋሼ ሰላሃዲን ነው። አፈሩን እኔ አለበስኩት።

ፋናዬ


አንቲጓ
ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

ፓስፖርቴን ዛሬ ጠዋት ሰጡኝ። ይዤው ስመለስ ደብዳቤሽ ጠረጴዛው ላይ ጠበቀኝ።

ለዶኛ ኤልቪራ ስነግራቸው አላመኑኝም። አባባ በሕይወት መኖሩን የሰሙ ቀን እልል ብለው በሩ ላይ የነበረውን ጥቁር ጨርቅ የፈቱት እሳቸው ነበሩ። «ልጄ፣ ደህና አድርገህ አንብበው፣ ያኔም ተሳስተህ ነበር» አሉኝ። መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ከኔ ተቀበሉ፣ ፊደላችንን እንደሚያነብ ሰው ትክ ብለው አዩት። ጎረቤቶቹም እንደሳቸው ናቸው፤ አንዷ ሳቀችና «ይህ ሰውዬ ነገም ይነሳል» አለች። ለቅሶ የደረሰኝ ሰው የለም። አልፈርድባቸውም፣ አንዴ አልቅሰውለታል።

እኔም ከነሱ አልሻልም። ክፍሌን ዘግቼ የጻፍሽውን ቃል ደጋግሜ አነበብኩት፣ ሌላ ትርጉም ፈለግሁለት። በአማርኛ ፈለግሁለት፣ በጉራጊኛ ፈለግሁለት፣ በስፓኒሽም ፈለግሁለት። የለውም።

ስለ ቁርባኑ አታልለሽው አይደለም። ቄስ እስክሆን አትጠብቂ፣ አሁኑኑ ነው የምነግርሽ።

ቅዳሜ ጠዋት ቦሌ እደርሳለሁ። ሽማግሌ አትላኩብኝ፣ አንቺ ብቻ ነይ።

ልዑል